ከቅይጥ ማርሻል አርት ወደ ቦክስ፦ እግሬን እንደገና ያስተማርኩበት ዓመት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር በሚገኝ ጠባብ አዳራሽ ለአራት ዓመታት ቅይጥ ማርሻል አርት ስሠለጥን ከሁሉም አብልጬ የምመካው በቀኝ ቡጢዬ ነበር። ጥቅምት 2016 ዓ.ም ካሜሩናዊው የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚ ፍራንሲስ ንጋኑ በመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያው የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮኑን ታይሰን ፉሪን ሪያድ ላይ በሦስተኛው ዙር ሲጥለው በስልክ ያየን ጓደኛሞች በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በሳምንቱ ከዚራ ወደሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ቦክሰኛ ወደነበሩ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ሄጄ እንዲያሠለጥኑኝ ለመንኳቸው። ፉሪ ተነሥቶ በዳኞች ነጥብ ማሸነፉን ግን ያን ጊዜ የቆጠርኩት እንደ ግፍ ነበር።

ጋሼ ለሁለት ወር ያህል ከረጢት አላስመቱኝም። "አቦ፣ እጅህን ተወውና አቋቋምህን አሳየኝ" አሉኝ። በለመድኩት ስፖርት ተጋጣሚ በእግሩ ሊመታ ወይም ወገብ ይዞ ሊጥል ስለሚችል፣ ራቅ ብሎና እግርን ከፈት አድርጎ መቆም ግድ ነው። በቦክስ ያ ርቀት እጅ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ሆነብኝ፤ ክፍተቱን ለመዝጋት በረዥም እርምጃ ስገባም አመጣጤ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የሌላው ጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ አፍንጫዬ ላይ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ ገመድ መዝለልና በግማሽ እርምጃ መግባትና መውጣት ብቻ ሆነ ሥራዬ። የምኮራበትን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሩጫ እንኳ ቀነሱብኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም።

ሁለተኛው ችግር ትንፋሽ ነበር። የቅይጥ ማርሻል አርት ዙር 5 ደቂቃ፣ የቦክስ 3 ደቂቃ መሆኑን ሰምቼ ይቀለኛል ብዬ ነበር። ነገር ግን በቅይጥ ማርሻል አርት ሰው ሲደክመው ተጋጣሚውን አቅፎ ከመፋለሚያው አጥር ጋር እያጣበቀ ሊተነፍስ ይችላል፣ ያም ራሱ እንደ ሥራ ይቆጠርለታል፤ በቦክስ ዳኛው ወዲያው ያላቅቅሃል። የቅይጥ ማርሻል አርቱ ኮነር ማክግሪጎር ነሐሴ 2009 ዓ.ም ላስ ቬጋስ ላይ ቦክሰኛውን ፍሎይድ ሜይዌዘርን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በሚገባ ተቋቁሞ በ10ኛው የቆመበት እስኪጠፋው ድረስ የደከመው፣ በእኔ ግምት፣ ቡጢ ጎድሎት ሳይሆን ማረፊያ አጥቶ ነው። ጓንቱም ለየቅል ነው። በ4 አውንስ ጓንት መካከል ሾልኮ የሚገባ ቡጢ በ10 አውንሱ ይታገዳል፤ እጅን ፊት ላይ አጥብቆ መከላከል ትርጉም ያገኘልኝም ያኔ ነው።

የመጀመሪያ ግጥሚያዬን ባደረግሁ ዕለት ይህን ሁሉ አውቄ አንዱን ረሳሁ። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚዬ በቀኜ ተመትቶ ሲወድቅ፣ ለአራት ዓመታት የተለማመድኩት ልማድ ጎትቶኝ ተከተልኩትና ልንበረከክበት ስል ዳኛው በደረቱ ገፋኝ። ደንቡ የጣለው ሰው ወደ ገለልተኛው ጥግ (የሁለቱም ተጋጣሚዎች ወዳልሆነው የመድረኩ ማዕዘን) እስኪሄድ ቆጠራው ይቆማል ይላል፤ እኔ ግራ ገብቶኝ ስቆም ልጁ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ተነሣ፣ በነጥብም አሸነፈኝ። የፉሪ መነሣት ግፍ ሆኖ የታየኝ ለዚህ እንደነበር የገባኝ በዚያው ምሽት ነው፦ በቅይጥ ማርሻል አርት የወደቀውን ተከትለህ ትጨርሰዋለህ፣ በቦክስ ግን የወደቀ ሰው እስከ አስር የሚቆጠርለት የራሱ ጊዜ አለው፣ አንተም ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሊኖርህ ይገባል። ንጋኑ የካቲት 2016 ዓ.ም ከቦክሰኛው አንቶኒ ጆሹዋ ጋር ሲገጥም ያ የመጀመሪያ ቀን ድንጋጤ አልነበረም፤ ጆሹዋ በሁለተኛው ዙር ጨረሰው።

በሁለተኛው ግጥሚያዬ ተጋጣሚዬ በጉልበቱ ሲንበረከክ ፊቴን አዙሬ ወደ ጥጉ ሄድኩ፤ ቆጠራው ስምንት ላይ ሲያበቃ ተመልሼ ቀሪውን ጊዜ በጃብ ብቻ ጨረስኩና በነጥብ አሸነፍኩ። ጋሼ ጓንቴን እየፈቱ የጠየቁኝ ግን፣ በሦስተኛው ዙር የኋላ እግሬ ተረከዝ ለምን መሬት እንደነካ ነበር።