የመጀመሪያ ፍሬምወርኬን እንዴት መረጥኩ

ዌብ መሥራት ለመማር ስነሳ ከኮዱ በፊት የተቀበለኝ የፍሬምወርክ ስም ጋጋታ ነው፤ ፍሬምወርክ ማለት ሁሉንም ከዜሮ እንዳትጽፍ ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ መነሻ ነው። ሪአክት፣ ቪው፣ አንጉላር፣ ስቬልት፣ ጃንጎ፣ ላራቬል፣ ኤክስፕረስ፣ ሬይልስ። አንዱን ብጠይቅ “ሥራ ያለው ሪአክት ላይ ነው” ይለኛል። ሌላው “በላራቬል ጀምር፣ አትቆጭም” ይላል። ሁሉም የሚመክረው የለመደውን ነው፤ አይፈረድበትም። እኔን የጠቀመኝ ግን “የትኛው ይሻላል?” የሚለውን ትቼ “ምን ልሠራበት ነው?” ብዬ መጠየቄ ነው።

የፈለግኩት የመጻሕፍት ውሰት መዝገብ መሥራት ነበር። ማን የትኛውን መጽሐፍ ወሰደ? መቼ ይመልሳል? ቀኑ አልፎበታል ወይ? ይህን ወረቀት ላይ ስዘረዝረው አብዛኛው ሥራ ከገጹ ጀርባ እንደሆነ ታየኝ፦ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ ሎግኢን፣ ፎርም፣ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው ፈቃድ። ይህ ብቻውን የስሙን ዝርዝር ለሁለት ከፈለልኝ። ሪአክት፣ ቪውና ስቬልት በዋናነት ተጠቃሚው የሚያየውንና የሚነካውን ክፍል ይሠራሉ። ጃንጎ፣ ላራቬልና ሬይልስ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ገጹን በሚልከው ኮምፒውተር ላይ፣ ሆነው ከዳታቤዙ ጋር ይነጋገራሉ። ብዙ ጀማሪ ሪአክትንና ጃንጎን ሲያወዳድር ይውላል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ምንም ከመምረጤ በፊት መዝገቡን ያለ ፍሬምወርክ፣ ብሮውዘር ውስጥ በሚሠራው ቋንቋ በተራ ጃቫስክሪፕት ሞከርኩት። ይህን ለማንም እመክራለሁ። “ተመለሰ” የሚለው በተን ሲጫን ሦስት ቦታ መቀየር ነበረበት፦ ዝርዝሩ ላይ የመጽሐፉ ሁኔታ፣ ከላይ ያለው በውሰት የወጡ መጻሕፍት ቁጥር፣ እና የተዋሰው ሰው ስም አጠገብ ያለው ምልክት። እያንዳንዱን እየፈለግኩ በእጄ አድሳለሁ። አንድ በተን በጨመርኩ ቁጥር የምነካካው ቦታ ይበዛል። ፌስቡክ በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት ምን እንደሚያቃልል የገባኝ ያኔ ነው። ዳታው እንዲህ ሲሆን ገጹ ምን ይምሰል የሚለውን ብቻ ትነግረዋለህ፤ የትኛው ቦታ ይታደስ የሚለው የእሱ ሥራ ነው። የእኔ መዝገብ ግን ይህን ያህል የሚለዋወጥ ገጽ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ሰርቨሩ ጎራ ሄድኩ።

እዚያም ያንኑ ትንሽ ሥራ፣ መጽሐፍ መመዝገብና ማዋስ፣ በኤክስፕረስ፣ በላራቬልና በጃንጎ ሠርቼ አየሁ። ኤክስፕረስ ቀላልና ነፃ ነው፤ ሎግኢኑንም ዳታቤዙንም በምን እንደምትሠራ አንተ ትመርጣለህ። ለሚያውቅ ሰው ደስ ይላል። ለእኔ ግን አንድ ምርጫ ሳልጨርስ ሌላ አምስት ምርጫ ማለት ነበር። ላራቬል በጣም ጥሩ ነው፣ ዶክዩመንቴሽኑም ግልጽ ነው። ጃንጎ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ ቀድሜ ባላውቅ ኖሮ እሱን እይዝ ነበር።

ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ፣ ሎረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ቤት ነው፤ ለሕዝብ የተለቀቀው በ2005። ጋዜጠኞች ኮድ ሳይነኩ ጽሑፍ እንዲያስገቡ ይፈለግ ስለነበር የአድሚን ገጹ አብሮት ይመጣል። መጽሐፍ ማለት ርዕስ፣ ደራሲና ዓመት ያለው ነገር ነው ብዬ በጥቂት መስመር ጻፍኩ። ያን ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባውን ማይግሬሽን አስኬድኩ፣ አድሚን ላይ አስመዘገብኩት። ብሮውዘሩን ስከፍት መጨመሪያው፣ ማረሚያውና መሰረዣው ተሠርቶ ጠበቀኝ።

ከዚያ የራሴን ፎርም ለመላክ ስሞክር 403 የሚል ኢረር መጣ። ገጹ ምክንያቱን ራሱ ያብራራል፦ ፎርሙ ውስጥ የሲኤስአርኤፍ ቶክን የለም፣ እዚህ ጋ ጨምር ይላል። ቶክኑ ሌላ ሳይት፣ ሎግኢን ባደረገ ሰው ስም ፎርም እንዳይልክ የሚከለክል ጥበቃ ነው። ስለ ደኅንነት አንድም ነገር ሳላነብ ይህን ያስተማረኝ የኢረር ገጹ ነው። አንድ ፍሬምወርክ ሲበላሽ ምን ይልሃል? ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ መመዘኛ ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ያየሁት ነገር የቨርዥን አያያዙን ነው። ጎግል በ2010 ያወጣው አንጉላርጄኤስ በ2016 እንደ አዲስ ተጽፎ አንጉላር ሲሆን አሮጌው ኮድ በአዲሱ ላይ ዝም ብሎ የሚሄድ አልነበረም። ያን ያህል ኮድ ማዛወር ቀላል አይደለም። ጃንጎ ግን አንድ ነገር ከማስቀረቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ኤልቲኤስ የሚባሉት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ድጋፍ የሚያገኙት ቨርዥኖቹም ለሦስት ዓመት ያህል የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛሉ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዓላማህ ሥራ መቀጠር ከሆነ መንገዱ ከእኔ ይለያል። ልትቀጠርበት የምትፈልገው ቦታ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አንብብና እዚያ የሚደጋገመውን ያዝ። ይህም በቂ ምክንያት ነው።

ፍሬምወርክ ሁሉንም ይሸፍንልሃል ማለት ግን አይደለም። የውሰት ዝርዝሬ መጻሕፍቱ ሲበዙ መንቀርፈፍ ጀመረ። ገጹ ዳታቤዙን ስንቴ እንደጠየቀ የሚያሳየውን ዲበግ ቱልባር የሚባል መሣሪያ ጨምሬ ሳይ፣ ጃንጎ ለእያንዳንዱ ውሰት የመጽሐፉን ርዕስ ለማምጣት ለብቻው ዳታቤዙን ይጠይቃል። መቶ ውሰት ካለ መቶ አንድ ጥያቄ ማለት ነው። ሴሌክት ሪሌትድ የምትባል አንዲት ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ አመጣችልኝ። ለምን እንደሠራች ለመረዳት ግን ጆይን፣ ማለትም የዳታቤዝ ሠንጠረዦችን ማገናኘት፣ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ፍሬምወርክ አያስተምርም። አሁን የያዝኩት ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን ነው።