ክረምቱ ሳይከብድ፣ ወለሉ ይቅደም

ጅማ ላይ ክረምት ሲቃረብ በግ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ብርድ ያወራል። እኔ ብርዱ ብዙም አያሳስበኝም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የቦንጋ በግ ደግሞ ለዚህ አየር እንግዳ አይደለም። ችግሩ እርጥበቱ ነው፣ ያውም ከእግራቸው ሥር ያለው።

ስለዚህ ግንቦት ላይ የምትገኘው ብር መጀመሪያ ለወለሉ ናት። ቆርቆሮው ቢያፈስ ባልዲ ይደቀንበታል፣ ጭቃ ላይ ለሚያድር በግ ግን ምን ይደቀንለታል? የባሕር ዛፍ አጠና ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ እደረድራለሁ። በአጠናዎቹ መሃል አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ክፍተት እተዋለሁ፣ በጠጡና ሽንቱ እንዲወርድ፣ የግልገል እግር ግን እንዳይሾልክ። ሥር የሚጠራቀመው ፍግ ለጓሮ ቡና ነው። ጎረቤት ሳይቀር ጆንያ ይዞ ይመጣል።

ቀጥሎ ሰኮና። በጉን በቂጡ አስቀምጦ ጀርባውን ጉልበት ላይ ማስደገፍ ነው፣ ወዲያው ፀጥ ይላል። ያደገው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጭቃ ይይዛል፣ እሱን በስለት ቀስ እያሉ ማስተካከል። በጣቶቹ መሃል ቀልቶ የሚከረፋ ካለ ለብቻው ደረቅ ቦታ ይታሰርና ሐኪም ይየው።

ቦዬ አካባቢ ያለው ረግረግ ሳሩ ሲያዩት ያስጎመጃል። አትመኑት። የጉበት ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወጥቶ ሳሩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፣ በጉም ከሳሩ ጋር ይውጠዋል። የዓይኑን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡ ከነጣ፣ አገጩ ሥርም ካበጠ ትሉ ውስጡ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ገበያ ላይ በግምት መግዛት ግን ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ አይገባኝም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ነው፣ ትንንሹን አይነካም። ትሪክላቤንዳዞል ሁለቱንም ያገኛል። አልቤንዳዞልን ደግሞ ገና በቅርቡ ላረገዘች በግ አይሰጡም፣ ጽንሱን ይጎዳል። ሐኪም ጠይቁ፣ ልኩም በክብደት ነው።

መኖው ብዙ ወሬ የለውም። ሳር ሞልቷል፣ ግን ውሃ ውሃ ይላል፤ ማታ ማታ ትንሽ ፉርሽካና ጨው ጣል ማድረግ ነው።

የከሱትንና ያረጁትን ሐምሌ ሳይገባ ሐሙስ ገበያ አውጥቼ እሸጣቸዋለሁ። ለእንቁጣጣሽ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ማቆየት ለጠንካሮቹ ነው የሚያዋጣው።