ከዴንቨር የጻፍኩት በጀት ጅማ ሲደርስ

አባታችን ትተውልን ያለፉት ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 የተሠራ፣ ቱርቦ የሌለው 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው መኪና ነው። ታናሽ ወንድሜ በቡና ወቅት ከጌራ ገበሬዎች የሚረከበውን እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ያመላልስበታል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ ጅማ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይጭንበታል። እኔ ዴንቨር ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ተረኛ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያንን አሮጌ መኪና ከፍ ለማድረግና ትልልቅ ጎማ ለማስገጠም ያወጣሁት በጀት በየት በየት በኩል እንደፈሰሰ ልጽፍ የተነሳሁት ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ዋጋ የሚጠይቁኝ የአገር ልጆች ስለበዙ ነው።

ሐሳቡን የጸነስኩት ሥራ ቦታዬ ላይ ነው። በሕንፃው መግቢያ ላይ ከ2 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ከፍታ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቱቦ አለ። ቅዳሜ ማታ ጎማቸው ወገቤ ድረስ የሚደርስ ፒካፖች እየመጡ ቱቦውን ጓ ያደርጉታል፤ ባለቤቶቻቸውም መስኮት ዝቅ አድርገው እኔን ይቆጡኛል። እየተቆጡኝም ቢሆን መኪናዎቹን እመኛቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወንድሜ ደውሎ «ወንድምጋሼ፣ ትናንት ከነቡናው ጭቃ ውስጥ አደርኩ» ሲለኝ ምኞቴ ምክንያት አገኘ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና መብላላት ይጀምራል፤ በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ የሚሰጠው ዋጋ የትናንቱ አይደለም። ስለዚህ መኪናዋ ከፍ ትበል፣ ጎማዋም ይተለቅ ብዬ ወሰንኩ። ወንድሜ የጠየቀኝ ግን ጭቃ ውስጥ እንዳይቀር ብቻ እንደነበር ያስተዋልኩት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን በጀት በ2016 ሰኔ ላይ በደመወዝ ወረቀቴ ጀርባ ጻፍኩ። ለሊፍት ኪት (መኪናን ከፍ ለሚያደርጉ ዕቃዎች ስብስብ) 640 ዶላር፣ ወንድሜ አዲስ አበባ አስጠይቆ አንዱ 22,000 ብር ለተባለው ጎማ፣ በጊዜው ምንዛሪ ዶላሩ 57 ብር ስለነበር፣ ለአራት 1,544 ዶላር፣ ለመካኒክ 200 ዶላር፣ የቀረው 116 ዶላር ደግሞ «ለልዩ ልዩ» ተብሎ በድምሩ 2,500 ዶላር ሆነ። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው። ሃይሉክስ በዚያ ስም አሜሪካ ውስጥ አይሸጥም፤ በቦታው ያለው ታኮማ ነው። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ልጆች፣ ሁለቱም የአንድ ዘመን ፒካፖች ስለሆኑ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይሆናል ብዬ ለታኮማ የተሠራ ኪት አዘዝኩ። ሳጥኑ መጥቶ ስከፍተው ለፊት እግር የሚሆኑ ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች ተጋድመዋል። ፎቶ አንስቼ ስልክለት ወንድሜ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የራሷን ፎቶ ላከልኝ፤ በፊት በኩል ሞላ የሚባል ነገር የለም። የእኛዋ ሃይሉክስ ፊቷን የምትሸከመው ከሻንሲው ጎን ለጎን በተዘረጉ፣ በመጠምዘዝ በሚሠሩ ሁለት ዘንጎች፣ ማለትም በቶርሽን ባር ነው። ኪቱን መለስኩ፤ ሻጩ የመመለሻ ቅጣት ሲቆርጥ፣ የማጓጓዣው ሲጨመርበት 190 ዶላር ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለሃይሉክስ የተሠሩ አራት ሾክ አብዞርበሮች በ420 ዶላር ከውጭ አስመጣሁና በሻንጣ ይዤ ልሄድ ተዘጋጀሁ። ከተፈቀዱልኝ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ውስጥ አንዱን ለማጋመስ ምንም ስላልቀራቸው ዘመድ ለዘመድ የላከው ቫይታሚንና የልጅ ልብስ ዴንቨር ቀረ። እስካሁን የተቀየሙኝ አሉ።

በመሐሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ አወጣ። እዚህ ያለን ሰዎች እርስ በርስ እየተደዋወልን ገንዘባችን እጥፍ የሆነ ያህል ተደሰትን። ይሁን እንጂ ጎማ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ጥቅምት 2017 ላይ አዲስ አበባ መርካቶ ገብቼ ስጠይቅ ያው ጎማ 34,000 ብር ሆኗል። በዶላር ሲሰላ ቀንሷል፤ በእርግጥም ይህ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ትርፍ ነበረኝ። ዳሩ ግን ተጠባባቂውን ጎማ ረስቼው ነበር። አራቱ እግሮቿ አንድ ልክ ሆነው አምስተኛው ትንሽ ከሆነ በተነፈሰች ቀን በተለይ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን ባለሁለት ዲፈረንሻል ማርሽ አስገብቶ መንዳት ማርሹን መፍጨት ነው። ስለዚህ አምስት ጎማ፣ 170,000 ብር።

እዚህ ላይ ስለ ጎማ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ «ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም» እያለ ያቀረበልኝን ጎማ ገልብጬ ጎኑን ስዳስስ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2217 ይላሉ። በ2017 እንደ አውሮፓውያን፣ በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ሰባት ዓመት መጋዘን ተቀምጧል። መንገድ ያልነካ ጎማም ቢሆን ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ይደርቃል። አኃዙን ሳሳየው ሻጩ የዕቃ ቁጥር ነው አለኝ፤ አልተከራከርኩም፣ ሌላ ሱቅ ገባሁ።

ጅማ ስደርስ መኪናዋን ይዘን የሄድነው አባታችን በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ወደሚያውቋት መካኒክ ነው። ጋራዣቸው ከአወቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ ለእኔ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ አውጥተው ከሰጡኝ በኋላ ራሳቸው ባትሪና ፌሮ ይዘው መኪናዋ ሥር ገቡ፣ አንድ ሰዓት ያህልም አልወጡም። ከዚያ ጠሩኝና የቀኝ እጄን ጣት የታችኛው ቦል ጆይንት፣ ማለትም የፊት እግሩ ኳስ መሰል መጋጠሚያ ላይ አስቀመጡት። ረዳታቸው ጎማውን በፌሮ ወደ ላይ ሲፈነቅለው ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል በጣቴ ተሰማኝ።

«ልጄ፣ ይህችን መኪና ከፍ ባደረግናት መጠን የላላው ሁሉ ይብሱን ይላላል» አሉኝ።

«ታዲያ ስንት ይፈጃል ጋሼ?»

«ስንት የሚለውን ተወው፤ መጀመሪያ የሞተውን እንጻፍ።»

እየተናገሩ ወንድሜ ጻፈ። የላይኛውና የታችኛው ቦል ጆይንት በሁለቱም በኩል፣ የመሪው ጫፎች፣ የባሌስትራው (ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ቦኮላና ጎሚኒዎች፣ የግራ ፊት ጎማ ኩሽኔታ፣ ዝገት የበላው አንድ የፍሬን ቱቦ፤ ድምሩ 61,000 ብር። አንዱም እኔ ዴንቨር በጻፍኩት ወረቀት ላይ የለም፣ አንዱም መኪናዋን አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ አያደርግም። ያለ እነርሱ ግን የሚሠራው ሁሉ የበሰበሰ ግንድ ላይ አጥር ማሰር ነው።

በፊት በኩል ያለውን ከፍታ በነፃ ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር። የቶርሽን ባሩን ቡሎን በግማሽ ሰዓት ሥራ አጥብቆ የመኪናዋን አፍንጫ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ይቻላል፤ ከተማው ውስጥ እንዲህ የተደረጉ ፒካፖች አሉ፣ ሲታዩም ያምራሉ። ሆኖም ቡሎኑ ሲጠብቅ እግሩ አስቀድሞ ወደ ታች ተዘርግቶ ስለሚቆይ ጉድጓድ ሲያጋጥም የሚወርድበት ቦታ አይቀረውም፤ መኪናዋም እንደ በቅሎ ትዘላለች። ከዲፈረንሻሉ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም ያለ ልኩ ይቆለመምና የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ጭቃ ይገባዋል። ጋሼ ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ አላነሳም አሉ፤ በዚያም ጸኑ። ከኋላ ሁለት የባሌስትራ ቅጠሎች ተሰንጥቀው ስለተገኙ ቀጥቃጭ ቤት ወስደን እናስጎብጣቸው የሚለውን የወንድሜን ርካሽ ሐሳብም አልተቀበሉም። ተቀጥቅጦ የጎበጠ ባሌስትራ ጭነት ሲበዛበት ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይተኛል። አዲሱ ሙሉ ባሌስትራ 58,000 ብር፣ ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ባለ ዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ከተሳቡ ዳግም ስለማይታመኑ 6,000 ብር ተጨመረበት።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ይህ ነው። ወንድሜ ጌራ መንገድ ላይ የሚጣበቀው የጭነት መኪኖች በቆፈሩት ቦይ ውስጥ ጎማው ሲገባ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ ያለው የማርሽ ቋት፣ ማለትም የኋላው ዲፈረንሻል፣ በቦዮቹ መሐል ያለውን የአፈር ጉብታ ስለሚነክስ ነው። ባሌስትራ ተለወጠም፣ ሾክ ተለወጠም፣ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ካቢናው እንጂ ዲፈረንሻሉ አይደለም፤ እርሱ ከጎማው ጋር የተሰፋ ነውና ከመሬት የሚርቀው ጎማው ሲያድግ ብቻ ነው። የነበረው 225/75 ባለ16 ጎማ ቁመቱ 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የገዛሁት 235/85 ደግሞ 80 ከግማሽ ያህል ነው። ልዩነቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያም ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ግማሹ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የወንድሜን ችግር በቀጥታ የምትነካዋ ይህች ሦስት ሳንቲ ሜትር ነች። የተቀረው ከፍታ ሥራው ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ሳይቦጭቅ እንዲዞር ቦታ ማበጀት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ መሪው እስከ ዳር ሲጠመዘዝ ስለሚነካ ፕላስቲኩን በመጋዝ አሳጠርነው።

ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ፈጽሞ የማላስበው ደግሞ ፍሬኑ ነበር። ኋላ አክስሉ ላይ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ፣ መኪናዋ ምን ያህል እንደተጫነች እየለካ ለኋላ ፍሬን ኃይል የሚመጥን መሣሪያ አለ። ካቢናውና ሻንሲው ከፍ ሲሉ መሣሪያው መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ በላይዋ ግን ብዙ ጆንያ ቡና ተጭኗል። ማቀፊያውን በአዲስ ብረት ከፍ አድርገው፣ የፍሬኑን የጎማ ቱቦ በረዘመ ለውጠው 3,500 ብር ብቻ ጠየቁኝ። ከወጣው ገንዘብ ሁሉ ያልከበደኝ ይህ ነው።

የእጅ ዋጋ 18,000፣ አላይመንት 2,500 ሲጨመርበት ብሩ 319,000 ደረሰ። አሜሪካ ከጠፋውና ለሾኮቹ ከወጣው ውጪ በእጄ የቀረው 1,890 ዶላር በ118 ሲመነዘር 223,000 ብር ገደማ ነበር። የጎደለውን 96,000 ብር ተመልሼ ገብቼ ከትርፍ ሰዓት ሥራዬ 815 ዶላር ያህል ልኬ ከፈልኩ፤ ጋሼ እስከዚያ ድረስ በዱቤ ያዙልን። ወንድሜ መኪናዋ ጋራዥ በቆየችባቸው ስድስት ቀናት የሰው ፒካፕ በቀን 4,000 ብር እየተከራየ ቡና ማጓጓዙን ደግሞ አልነገረኝም። ደብተሩን ሳገላብጥ ነው ያየሁት። የመልቀሚያ ወቅት ሳይሆን ክረምት ቢሆን ኖሮ ያ 24,000 ብር ባልወጣ ነበር፤ ፈቃድ ያገኘሁበትን ጊዜ እንጂ የቡናውን ጊዜ አላሰብኩም።

አሁን ከጌራ ሳይጣበቅ ይመለሳል። ፍጥነት መለኪያው 60 ሲል በእውነቱ 65 እየሄደ መሆኑን ለምዶታል። ዳገት ላይ ግን ጎማው ስለተለቀ ማርሹ የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ በሆነ አገር ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ያጥረዋል። በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት ጭኖ ሲሄድ በአንደኛ እንደሚወጣውና ናፍጣውም እንደጨመረ ነግሮኛል። የዲፈረንሻሉን ጥርስ መለወጥ መፍትሔ ነው፤ ዋጋውን ሊነግረኝ ሲል ስልኩን በሌላ ወሬ ቀየርኩት።

ባለፈው እሑድ እናታችንን ለቅሶ ሊያደርስ ሲወጣ እግራቸው ካቢናው ላይ አልደርስ አለ። «ልጄ፣ መኪናውን ለእኔ ነው ወይስ ለግመል ያሠራችሁት?» ብለው ጎረቤት እየሰማ ተቆጡ። ብየዳ ቤት ለሁለት መወጣጫ ብረት 9,000 ብር ጠይቀውታል። እስኪሠራ ድረስ ከቤት ባለሦስት እግር በርጩማ አውጥቶ ከኋላ ጭኖ ይዞራል፤ በሄዱበት ሁሉ ያወርደዋል፣ ይዞ ያወጣቸዋል፣ መልሶ ይጭነዋል።