የሐይቅ ዓሣ በኮሪያ ድስት

ነሐሴ ላይ ደሴ ጭጋግ ነው። አክስቴ ቤት ባደርኩ በሦስተኛው ጠዋት ጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም ነበር፤ የጎረቤት ጣሪያ እንኳ ብቅ እያለ ይሰወራል። ኮምቦልቻ የወረድኩት ምግብ ፍለጋ ሳይሆን ብርዱን ሸሽቼ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይዞ ሲወርድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ደሴ ላይ የደረብኩትን ጋቢ ኮምቦልቻ ስደርስ ክንዴ ላይ አድርጌው ወረድኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ምሳ የት ይሻለኛል ብዬ ብጠይቃት፣ «ጾመኛ ነሽ?» አለችኝ። ፍልሰታ ነውና ነኝ አልኳት። «እንግዲያው የኮሪያውን ቤት ላሳይሽ» አለች። የኮሪያ ምግብ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ቀምሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገበታው ሥጋ በሥጋ ስለነበር ጾምና የኮሪያ ቤት እንዴት እንደተገናኙ አልገባኝም። ተከተልኳት።

ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ፣ አምስት ጠረጴዛ ብቻ የያዘ ቤት ነው። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ጥግ ላይ ረከቦት አለ፤ ኮሪያን የሚያስታውስ ነገር ቢኖር በየጠረጴዛው የቆመው የብረት መብያ ዘንግ ነው። ባለቤቲቱ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ የፋብሪካ ልጆች «እትዬ» ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከደቡብ ኮሪያ ቦርሳ አምራች ሲመጣ፣ እትዬ ኮሪያውያን በተከራዩት ግቢ ወጥ ቤት ተቀጠሩ። የአንዱ ኃላፊ ሚስት እጃቸውን ይዛ አስተማረቻቸው። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትመለስ እትዬ በተማሩት ሙያ ይህን ቤት ከፈቱ።

ገና ሳላዝዝ ስድስት ትንንሽ ሳህኖች ፊቴ ተደረደሩ። የተቀቀለ ጎመን በሰሊጥ ዘይት፣ ኪያር በበርበሬ፣ ድንች በአኩሪ አተር ሶስ፣ ካሮት፣ ባቄላ፣ መሐል ላይ ደግሞ ቀይ ኪምቺ፣ በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን። በያይነቱ መስሎኝ ልጨርሰው ስል ልጅቷ ሳቀችና «ይሄ ማጣፈጫው ነው፣ ምግቡ ገና ነው» አለችኝ። ኮሪያውያን ባንቻን ይሉታል፤ ሳህኑ ሲጎድል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞላል። እትዬ በየመሐሉ ድስታቸውን ይዘው እየዞሩ «ልጨምርልሽ?» ይላሉ። ያደግሁበት ቤት ድግስ ላይ ወጥ ጨማሪዋ እንዲህ ነበር የምትዞረው።

ምግቡ ቢቢምባፕ ነበር፤ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን፣ በላዩ አትክልቱ በየቀለሙ። ዘወትር እንቁላል ይደረግበታል፣ የጾሙ ግን የለውም። ጎቹጃንግ የሚባለውን፣ ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከአኩሪ አተር አብላልተው የሚሠሩትን ወፍራም ቀይ ድልህ አድርጎ በማንኪያ ማማሰል ነው። ውበቱን ማጥፋት አሳዝኖኝ ጫፍ ጫፉን ስበላ እትዬ መጥተው ማንኪያውን ተቀበሉኝና ራሳቸው አማሰሉልኝ። እውነትም ሳይማሰል ሩዝና ጎመን ነው፤ ሲማሰል ሌላ ምግብ ይሆናል። ሩዙ የፎገራ ነው። በደርግ ዘመን የሩዝ እርሻ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲጀመር የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት፤ ይህን ስነግራቸው እትዬ፣ «ለካ ዘመዱን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚያያዝልኝ» አሉ።

ኪምቺውን ግን አልፌው መሄድ አልችልም። በማግስቱ ጠዋት ሲሠሩ ለማየት ተመልሼ ወረድኩ። የቻይና ጎመን ከአዲስ አበባ ሲመጣላቸው በእሱ፣ ካልመጣ በጥቅል ጎመን ይሠራሉ። ጎመኑ ለሁለት ተሰንጥቆ በየቅጠሉ መሐል ጨው ይነሰነስበትና ያድራል፤ ጠዋት ታጥቦ ይንጠፈጠፋል። ከዚያ የሩዝ ዱቄት ሙቅ ይሠራና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በርበሬ ይቀላቀልበታል። በርበሬው የእኛ ዛላ ነው፤ ፍሬው ወጥቶ፣ ኮረሪማም ሆነ ሌላ ቅመም ሳይነካው ሸካራ ሆኖ ይፈጫል። ድቁሱን በየቅጠሉ ቀብተው ማሰሮ ውስጥ አየር እንዳይኖረው ጠቅጠቅ አድርገው ይሞሉታል። እርሾ አይገባበትም። ጨው የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ያግዳል፤ ቅጠሉ ላይ የኖሩት አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

«ኮምቦልቻ ሙቀቷ አይታገስም» አሉኝ እትዬ እጃቸው እስከ ክርን ቀልቶ። «ደሴ ብሆን ቀስ ብሎ ይበስልልኝ ነበር። እዚህ በሁለት ቀን ካልተበላ ማቀዝቀዣ ነው። ሊጡስ እንደዚሁ አይደል?» ነው። አክስቴ ደሴ ላይ ለእንጀራ ሦስት ቀን የምትጠብቀው ሊጥ እዚህ ከሁለት ቀን በኋላ ኮምጥጦ ይገኛል። ኮሪያውያን ክረምታቸው ሳይገባ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የወራት ኪምቺ በአንድ ቀን ይሠራል፤ ይህ ኪምጃንግ የሚሉት ደቦ በ2013 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እትዬም ብቻቸውን አይሠሩም ነበር፤ ሁለት የጎረቤት ሴቶች ጎመን እየሰነጠቁ፣ ቡናው እየፈላ ነው።

ማሰሮዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ኪምቺ በልማዱ ከትንንሽ ዓሣ በጨው የሚወጣ ቅመም ይገባበታል፤ ያኛው ማሰሮ ለኮሪያውያኑ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ክር የሌለው የጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ቤት እንዲገባ እትዬ አልፈለጉም፤ ጾም ሲሆን ዓሣውም ይቀራል፣ አለቀ።

ወሎ ላይ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ከሁሉ በፊት የሥጋን ጥያቄ መመለስ አለበት። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ሠርግ ሲደገስ የሁለቱም ሥጋ በየራሱ ቢላዋና ድስት ይሠራል፣ ጎረቤት ጦሙን እንዳይመለስ። እትዬ ያጫወቱኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «መጀመሪያ ኮሪያዎቹ አሳማ ጠይቀውኝ ነበር። እሱን ካስገባሁ ከእናንተ ሌላ ደጄን የሚረግጥ የለም አልኳቸው፤ ገባቸው። በሬ ባርድ ደግሞ የማን ነው መባሉ አይቀርም፤ ግማሹ ሰው ይቀርብኛል። ሳስብ ሳስብ ዓሣ መጣልኝ። ዓሣን ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚል የለም።»

ስለዚህ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ያንን ዓሣ ልበላ ተመለስኩ። ቆሮሶው የሚመጣው ከሐይቅ ነው፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ካለበት፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው። ሜውንታንግ የሚሉት ቀይ የዓሣ ሾርባ ነው፤ ዓሣው ከነራሱ፣ ዝኩኒና ቃሪያ ገብቶበት፣ እየተንተከተከ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። በርበሬው እንደ ወጣችን አይከብድም፤ ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ማቃጠሉ ከኋላ ነው። ከዚህ ቤት ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ሩዝ የሚጠቀልሉበትን የባሕር ቅጠል ግን አፌ አልተቀበለውም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት።

ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ከማላውቃቸው ጋር ተጋራሁ። አንድ ሽማግሌ ሙስሊም፣ የልጅ ልጃቸው የሆነ ባለባጃጅ፣ አንድ ኮሪያዊ የማሽን ባለሙያ። ሾርባው ቀርቦ ኮሪያዊው ማንኪያውን አላነሳም፤ ሽማግሌውን እያየ ይጠብቃል። በአገሩም ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም። አባባ «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ፣ እኔ አማተብኩ፣ እሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሁለት እጁ ውሃ ቀዳላቸው።

በተሰባበረ አማርኛ የቹንቾን ሰው መሆኑን ነገረን። ከዚያ ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ «ቃኘው» አለ። ቃኘው በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት ሻለቆቻችን ስም ነው፤ ቹንቾን ውስጥ ለኢትዮጵያ ዘማቾች የቆመ መታሰቢያ አለ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ኮሪያ ከደረሰ ጀምሮ በየተራው የዘመቱት ከ6,000 በላይ ነበሩ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ አንድም አልተማረከም። አባባ በዝምታ ሰምተው፣ «እኛ ሰፈር አንድ ዘማች ነበሩ» አሉ። «በረዶውን ነበር የሚያወሩት። እግሬ እስካሁን አልሞቀም ይሉ ነበር፣ አላህ ይማራቸው።»

ኮሪያዊው ከሰላጣ ቅጠል ላይ ሩዝና ከዓሣው ቆንጥሮ አደረገ፣ ጎቹጃንግ ጠብ አደረገበት፣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ለአባባ ዘረጋ። ሳም ይሉታል፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚጎረሰው። አባባ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። አላምጠው ሲጨርሱ፣ «አንድ ያጣላል በለው» አሉ ለልጅ ልጃቸው። ኮሪያዊው ሳይተረጎምለት ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር፤ ይህችን ነገር እትዬ ቤት ቀድሞ ተምሯታል።

በሌላ ቀን ልሰናበት ስወርድ እትዬ ከክር አልባው ማሰሮ አንድ ብልቃጥ ሞልተው ሰጡኝ። ገንዘብ ብዘረጋ እጄን መለሱት። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ የብልቃጡ ክዳን እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ኪምቺው አየር እያወጣ ነው፣ እኛም ሽቅብ በወጣን ቁጥር የውጭው አየር ይሳሳለታል። እንዳይፈነዳ ብዬ ላላ ሳደርገው ጭስስ አለና ነጭ ሽንኩርቱና ኩምጣጤው መኪናውን ሞላው። ሰው ይቆጣኛል ብዬ ተሸማቀቅኩ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ዞር አሉ።

«ምንድን ነው የያዝሽው፣ ልጄ?»

«የኮሪያ ጎመን ነው፣ እማማ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የጾም ነው?»

«የጾም ነው።»

ከዘንቢላቸው ዳቦ ቆርሰው ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። «እስቲ ጀባ በይኝ።»