ኢአርን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማየት

ሰው ሁሉ አይቶ የጨረሰውን ድራማ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚካሄደውን ኢአርን፣ ዘግይቶ መጀመር ትንሽ ያሳፍራል። ከተዋናዮቹ አንዱ ጆርጅ ክሉኒ በስንተኛው ሲዝን እንደሚወጣ ሳይጠየቅ የሚነግር አይጠፋም (አምስተኛው ላይ ነው፤ ይኸው እኔም ተናገርኩ)። ኢአር ግን በመዘግየት ብዙ የሚጎዳ ድራማ አይደለም። በዘመኑ ትክክል የነበረ ሕክምና ምን ያህል እንደተለወጠ የሚታየው ለዘገየ ተመልካች ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1994 እስከ ኤፕሪል 2009 ድረስ 15 ሲዝን፣ 331 ክፍል ወጥቷል። አንዱ 45 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 250 ሰዓት ይጠጋል፤ በቀን አንድ ክፍል ለሚያይ አሥራ አንድ ወር ማለት ነው። በአንድ ሌሊት አምስት ስድስት መደርደር አያዋጣም። አልጋ እየተገፋ፣ በር እየተበረገደ ሲደጋገም በሽተኛው ሁሉ አንድ ይሆንባችኋል። የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ነው ብላችሁ አትዝለሉት። ሕክምና የተማረው ማይክል ክራይተን የጻፈው በ1974 ለፊልም ነበር፤ ሃያ ዓመት ከርሞ ነው ለቴሌቪዥን የበቃው።

አሁን ልብ ሲቆም ያለውን ትዕይንት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሐኪሙ የካውያ እጀታ የመሰሉትን፣ ደረት ላይ ኤሌክትሪክ የሚለቁትን ሁለት ፓድሎች ያነሳና «200!» ይላል፤ ካልሠራ «300!»፣ ከዚያ «360!»። ቁጥሩ ጁል፣ ማለትም የሚለቀቀው ኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው። ያኔ መመሪያው ራሱ ኃይሉን እየጨመሩ ሦስት ጊዜ አከታትሎ መምታት ነበር። ከ2005 ወዲህ ግን አንዴ ይመታና፣ ሞኒተር ላይ ሳይፈጠጥ፣ ለሁለት ደቂቃ ደረት ወደ መጫን ይመለሳል። ደረት ሳይጫን ባለፈ ቁጥር አንጎል ደም አያገኝምና። የደረት ግፊትና የትንፋሹ ልክም 15 ለ 2 የነበረው 30 ለ 2 የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ፓድሉን ደግሞ በአብዛኛው ደረት ላይ የሚለጠፍ ፓድ ተክቶታል።

ዘመን የማያመካኝለት የሕክምና ድራማዎች ስህተት ሞኒተሩ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሳይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ነው። ንዝረቱ የሚጠቅመው ለሚርገፈገፍ ልብ ነው፤ ጨርሶ ጸጥ ላለው ደረት መጫንና አድሬናሊን ነው ያለው። የተዋናዮቹንም ክርን ተመልከቱ፦ ይታጠፋል። እውነተኛው ግፊት ክርን ቀጥ አድርጎ፣ ደረትን ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ማስጎድጎድ ነው። በጤነኛ ተዋናይ ላይ ይህን ማድረግ ጎድን መስበር ነውና አይፈረድባቸውም።

አጥብቄ የምመክረው የመጀመሪያውን ሲዝን 19ኛ ክፍል ነው። ያላየ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ይዝለል። ነፍሰ ጡሯ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል ብላ ስትመጣ ከድራማው ዋና ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ግሪን የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ይሸኛታል። ብዙም ሳትቆይ እያንዘፈዘፋት ትመለሳለች፤ ኤክላምፕሲያ ነው፣ በእርግዝና ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ የሚያንዘፈዝፍ አደገኛ ሕመም። ሕፃኑ ይተርፋል፣ እናት ትሞታለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ ማዋለጃው ደም ነው። እኔ ደግማችሁ እዩ የምለው መጀመሪያ የመጣችበትን ጥቂት ደቂቃ ነው። የሕመሙ ማስጠንቀቂያ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ 140 በ90 የደረሰ የደም ግፊት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን፣ ራስ ምታት፣ የዓይን መፍዘዝ፣ የፊት እብጠት፦ የትኛው ተጠየቀ፣ የትኛው ታለፈ?