ወንዙ አለ፣ ካህኑ ግን

ጳጉሜን ሲገባ የሰሜን ሸዋ ሰው ጻድቃኔ ማርያም ወርዶ ይጠመቃል። ያልቻለም ደጁ ካለው ወንዝ ይታጠባል፣ የሩፋኤል ዕለት ከዘነበማ ልጆቹን ማን ቤት ያስቀምጣቸዋል! ማንዳውያን ስለሚባሉ የራሳቸው ጥንታዊ ሃይማኖት ስላላቸው ሰዎች ሳነብ ቀልቤን የያዘው ይኼው ነው። እነሱም 12 ባለ 30 ቀን ወር አላቸው፣ ከዚያ ላይ 5 ቀን። ፓርዋናያ ይሏቸዋል። ከዓመቱ ሁሉ ለጥምቀት የተመረጡት እነዚህ ቀኖች ናቸው። (ስድስተኛ ቀን ስለማይጨምሩ ግን በዓሉ በየ4 ዓመቱ በአንድ ቀን ይቀድማል።)

ማንዳውያን የደቡብ ኢራቅና የኢራን ኩዜስታን ሰዎች ናቸው። መጥምቁ ዮሐንስን በጣም ያከብሩታል፣ ክርስቲያን ግን አይደሉም። ብዙዎቹ ወርቅና ብር አንጥረኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ከተወረረች በኋላ ግድያው፣ እገታውና ዛቻው ሲበዛባቸው አብዛኞቹ ተሰደዱ። ስዊድን ውስጥ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ማንዳውያን ይኖራሉ፣ በደቡብ ባለችው ዳልቢም ቤተ መቅደስ ሠርተዋል።

አንድ ነገራቸው አስቀናኝ። የኛ ጠበል ቦታ አለው፤ የሸዋ ልጅ ባሕር ማዶ ቢሄድ እናቱ በሃይላንድ ሞልታ የምትልክለት ለዚህ ነው። ለነሱ ግን ንጹሕና የሚፈስ እስከሆነ ድረስ የትኛውም ውኃ ዮርዳኖስ ነው። ጤግሮስም፣ የኢራኑ ካሩን ወንዝም፣ የስዊድን ወንዝም። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ይገቡበታል። ብርዱን ግን አስቡት፣ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማለዳ የሚያውቅ ይገባዋል።

የሚያሳስበኝ ካህን ነው። ያለ ካህን ጥምቀትም ሠርግም የለም። ካህን ለመሆን ደግሞ ዘር ይቆጠራል፣ ትምህርቱ ረጅም ነው፣ ሲሾምም 60 ቀን የሚፈጅ ከባድ ሥርዓት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1831 ኮሌራ ካህናቱን ከሞላ ጎደል ጨርሷቸው ነበር፣ ያህያ ብህራምና ራም ዚህሩን የሚባሉ የካህናት ልጆች ናቸው ክህነቱን መልሰው ያቆሙት። ያኔ ሕዝቡ ቢያንስ አንድ አካባቢ ነበር። አሁን ስዊድን፣ አውስትራሊያ፣ አሜሪካ ተበትኖ ጥቂት ካህናት እንዴት ይዳረሱለታል?

በዚያ ላይ ከሌላ እምነት የመጣ ሰው አይቀበሉም። ከውጭ ያገባም እንደወጣ ይቆጠራል። እዚያው ስዊድን ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ ያደገ ልጅ ከክፍል ጓደኛው ጋር ቢዋደድ ምን ይገርማል? ከመካከላቸው ሕጉ ይላላ የሚሉ አሉ። እኔ ብጠየቅ ከነሱ ጋር ነኝ። ሕጉ በስደትና በግፍ መካከል እንዳቆያቸው አይጠፋኝም፣ ቢሆንም ቢያንስ አንድ ማንዳዊ ወላጅ ያለው ልጅ እጠመቃለሁ ብሎ ከመጣ መከልከል የለበትም።