ቃታውን ሲስብ

ዛሬ በተኩስ መለማመጃው ሜዳ አንድ ሰው አዲሱን ጠመንጃውን ሲረግም ሰማሁ። ጥይቶቹ ኢላማው ላይ ተበታትነዋል። አሠልጣኙ ተቀብሎ በ100 ሜትር ርቀት አምስት ተኮሰ፤ አምስቱንም ቀዳዳ አንድ መዳፍ ይሸፍናቸዋል። ከዚያ ምንም ሳይናገር የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት አጉርሶ መለሰለት። ሰውየው ቃታውን ሳበ። ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ደፋ አለ። ገና ያልመጣውን የጠመንጃውን የኋልዮሽ ምት ትከሻው አስቀድሞ ፈርቶታል!

ጠመንጃ ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ያረጀ በርሜል ወይም የላላ መነጽር ጎበዙንም ያሳጣል። ነገር ግን በ3 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ በሚመታና 10 ሴንቲ ሜትር በሚበትን ጠመንጃ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እጁ ለረጋ ተኳሽ ብቻ ነው። ጀማሪዎችን ምቱ ቀላል በሆነ፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ማስጀመር የተለመደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ትከሻ መፍራትን ሳይለምድ ጣት ቃታን በዝግታ መሳብ ይማራል።